የነጭ ሽንኩርቱ በሽታና የክር አቅላሚዋ ክስ

ሽማግሌው አናጢ በዚያ ጠዋት ከግቢያቸው ሲወጡ በሩን እንኳ መለስ አላደረጉትም። በትከሻቸው ጆንያ ተሸክመዋል፤ በጆንያው ውስጥ ከነአፈሩ የተነቀለ ነጭ ሽንኩርት አለ። የሚሄዱት ወደ ሰፈሩ ዳኛ ሲሆን፣ የሚከሱትም ከግቢያቸው አንዲቱን ክፍል ተከራይታ ክር በማቅለም የምትተዳደረውን ሴት ነበር። ክሳቸውን እየተራመዱ ያጠኑታል። የቀለም እጣቢዋን እየደፋች አትክልቴን በመርዝ ፈጀችብኝና ቤቴን ለቃ ትውጣልኝ የሚል ነው። ለሴትዮዋ ትናንት ማታውኑ ነግረዋታል፤ ዳኛው የሚፈለገው እንቢ ካለች ለማስገደድ ነው።

እኚህ ሰው ጉልበታቸው ደክሞ መጋዙን ከሰቀሉ ወዲህ በሰፈሩ የሚታወቁት በአናጢነታቸው አይደለም። ነጭ ሽንኩርት ያለማሉ፤ ለጎረቤት ዘር ያድላሉ፤ ዘር የተቀበላቸውንም ሰው ሁሉ ደጃፍ ላይ አቁመው ፍንካቹ በየት በኩል ወደ ላይ ሆኖ እንደሚተከል ያስተምራሉ። የቸኮለ ሰው ሲያያቸው መንገድ ይቀይራል። የሰፈሩ ጎረምሶች «ሊቀ ሽንኩርት» የሚል ስም አውጥተውላቸዋል። ሲሰሙት የተቆጡ ይመስላሉ እንጂ በልባቸው አይጠሉትም። ሚስታቸው ከሞቱ፣ ልጆቻቸውም በየፊናቸው ከተበተኑ በኋላ ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሳቸው የነጭ ሽንኩርቱ መደብ ነበርና፣ ቁጣቸው የሰሰተ ሰው ቁጣ ብቻ አልነበረም።

በፀጉር አስተካካዩ ደጃፍ ሲያልፉ ቆም ብለው ነገሩን ለተቀመጠው ሰው ሁሉ ተናገሩ። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን በአየር ላይ እንዳንጠለጠለ አዳመጣቸውና፣ እንዲህ ያለችዋን መርዘኛ አንድ ቀን ማሳደር አይገባም አላቸው። ግማሽ ጺሙን ተላጭቶ የተቀመጠው ሰውዬም ከአረፋው ውስጥ ሆኖ ተስማማ፤ ሚስቱ ክሯን ለዚያች ሴት ሰጥታ ከሆነ ዛሬውኑ እንደሚያስመልሳት ጨመረ። ይህ ሁሉ ድጋፍ ሽማግሌውን ይበልጥ አነደዳቸው።

መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ከወንድማቸው ልጅ ጋር ግንባር ለግንባር ሊላተሙ ለጥቂት ተረፉ። ልጅቱ የዕፅዋትን በሽታ አጥንታ የጨረሰች፣ አሁንም በአንድ የዕፅዋት መመርመሪያ ጣቢያ ተቀጥራ የምትሠራ ናት። አጎቷ ግን ይህን ሥራ ከሥራ አይቆጥሩትም። ለሰው ሐኪም ሳይዳረስ ለጎመን ሐኪም መቅጠር ቅብጠት ነው እያሉ በየዘመዱ ቤት ያስቁባታል። እሷም ይህንን ስለምታውቅ በሽንኩርታቸው ነገር ገብታ አታውቅም። እጅ ነስታ ደኅንነታቸውን ከጠየቀች በኋላ ዓይኗ ጆንያው ላይ ዐረፈ።

«ጋሼ፣ ምን ተሸክመው ነው?»

«ሬሳ» አሏት።

ጆንያውን ከትከሻቸው ተቀብላ አወረደችና አንዱን ራስ አውጥታ ገለበጠችው። ሥሩን አየች። ሌላም አውጥታ አየች። ከዚያ ሁለቱንም መልሳ የጆንያውን አፍ አጥብቃ አሰረችው።

«ይህን ይዘው የትም እንዳይሄዱ። ጆንያው ተቀዷል፣ አፈሩ በየመንገዱ እየፈሰሰ ነው።»

«አፈር እንጂ ወርቅ አይደለ። ይፍሰስ።»

«ወርቅ ቢሆንማ የሚለቅመው ሰው ይገኝ ነበር። ይህንን ረግጦ ወደ ጓሮው የሚገባ ሰው ግን በጫማው በሽታ ይዞ ነው የሚገባው።»

ሽማግሌው በሽታ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ደማቸው ፈላ። ስለ መርዝ እየተናገሩ ስለ በሽታ የምትመልስላቸው ለምን እንደሆነ ጠየቋት፤ ገዳይዋ ማን እንደሆነች፣ ቀዩ እጣቢ በምን በኩል እንደሚወርድ፣ ትናንት ማታ ምን ብለው እንዳባረሯት አንድ በአንድ ዘረዘሩላት። ልጅቱ ስትሰማ ቆይታ ሴትን ከነኑሮዋ ማስወጣት የሚለው ላይ ሲደርሱ ፊቷ ተለወጠ።

«ጋሼ፣ ሳይመረምሩ ነው ያባረሯት?»

«ምኑን ነው የምመረምረው? ቀለሙ ቀይ ነው፣ ሽንኩርቴ ሞቷል።»

«የሰፈሩ ዳኛ የትም አይሄድም። መጀመሪያ መደቡን አሳዩኝ። እንዳሉት መርዝ ከሆነ እኔ ራሴ አብሬዎት ሄጄ እመሰክራለሁ።»

አጎቷ ይህን ሲሰሙ ትንሽ በረድ አሉ። የተማረ ምስክር ይዞ ዳኛ ፊት መቅረብ የበለጠ እንደሚያስከብር ታያቸው። የጎመን ሐኪምነቷም ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ ነገር ሊጠቅም ነው ብለው እያሰቡ ተያይዘው ተመለሱ።

ግቢው ከላይ ከኋላ አጥር ጀምሮ ወደ መንገዱ የሚያዘቀዝቅ ነው። የክር አቅላሚዋ ክፍል ከታች ከበሩ አጠገብ ነው። ከክፍሉ ጥግ የሚነሳው ቦይ በጎን በኩል ታጥፎ፣ መጀመሪያ በቆስጣው፣ ቀጥሎ በባቄላው፣ መጨረሻ በነጭ ሽንኩርቱ መደብ ጫፍ አልፎ ወደ ውጭ ይወጣል። ቀይ ሽንኩርቱ ደግሞ ከሁሉም በላይ፣ ከኋላው አጥር ሥር ነው።

ሴትዮዋ ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች። ቀለም የሚፈላባት በርሜሏ ተገልብጣለች፤ ክር የሚሰጣበት ገመድ ተፈቷል፤ ልብሷና ዕቃዋ በአንሶላ ተቋጥሯል። እሷም ከቋጠሮው በአንዱ ላይ ተቀምጣ፣ እስከ ክርኗ ድረስ የጠቆሩ እጆቿን ጭኗ ላይ አኑራለች። ከብዙ ዓመት የተነሳ ቀለሙ ከጥፍሮቿ ሥር የሚለቅ አይመስልም። ልጅቱ ጎንበስ ብላ «እንደምን አደሩ፣ እትዬ» አለቻት፤ እሷም በአክብሮት መለሰችላት። ለሽማግሌው ግን አንገቷንም አላዞረች።

ልጅቱ ጆንያውን በር ላይ አስቀምጣ ወደ አትክልቱ ገባች። ከገባች በኋላ ግን የሞተውን መደብ ትታ ቆስጣውን ታይ ጀመር። ከዚያ ባቄላውን፣ ከቦዩ ዳር የበቀለችውን ጽጌረዳ። ቅጠል እየገለበጠች፣ ጎንበስ ቀና እያለች ግቢውን ዞረችው። አጎቷ ከኋላ እየተከተሏት ተቁነጠነጡ።

«ምን ትዞሪያለሽ? ሟቹ ያውልሽ።»

«እኔ የቆሙትን ነው የማየው» አለች። «የቀለሙን ውሃ መጀመሪያ የሚጠጣው ማነው?»

«ቆስጣው።»

«ቆስጣው እንደ ሳህን ተዘርግቷል። ባቄላው አብቧል። ጽጌረዳዋም ፈክታለች። ይህ መርዝ ሁለቱን ቤት ዘልሎ ሦስተኛውን የሚያንኳኳው በምን ምክንያት ነው?»

ሽማግሌው ቆስጣ ደንዳና ተክል መሆኑን፣ ነጭ ሽንኩርት ግን እንደ ሕፃን የሚታመም መሆኑን አስረዷት። እሷም ይሁን ብላ ወደ ላይ ቀና አለችና የቀይ ሽንኩርቱን መደብ በጣቷ አመለከተች። ከሩቅ ቢጫው ይታያል።

«ያም ታሟል። ውሃው ዳገት ወጥቶ ነው?»

ሽማግሌው ለዚህም ምክንያት አላጡም፤ ሴትዮዋ እያወቀች፣ ተንኮሏን በማሰሮ ተሸክማ ወጥታ ደፍታበታለች አሉ። ድምፃቸውን ከፍ ያደረጉት እንድትሰማ ነው። ሰማች። ከቋጠሮዋ ላይ ግን አልተነሳችም።

ነገሩ ያላለቀ መሆኑን ለማሳየት ሽማግሌው የወንድማቸውን ልጅ እየጎተቱ ወደ መስኮታቸው ሥር ወሰዷት። በዚያ የሟች ሚስታቸው አበባዎች አሉ፤ እንደ ሽንኩርት ራስ ያላቸው፣ በየዓመቱ ነጭ አበባ የሚያወጡ ናቸው። ቅጠላቸው ቢጫ ሆኖ ተኝቷል። ግማሹን ሽማግሌው ራሳቸው መርዙ እንዳይዛመት ብለው ነቅለው ጥለዋል።

«ይህስ? ይህንንም ቀለሙ አልገደለውም በይኛ። ባለቤቴ በእጇ የተከለችውን» አሉ፤ እዚህ ላይ ድምፃቸው ቀጠነ።

ልጅቱ ተንበርክካ አፈሩን በጣቷ ገለጥ ገለጥ አደረገችና አንዱን ራስ አውጥታ በመዳፋቸው ላይ አኖረችላቸው። ድንጋይ የመሰለ ጠንካራ፣ ነጭና ንጹሕ ነበር። ሥሩም እርጥብ ነው። አበባው ጊዜውን ጨርሶ መተኛቱን፣ ቅጠሉ ቢጫ የሆነው ጉልበቱን ወደ ራሱ መልሶ ስላስቀመጠ መሆኑን ነገረቻቸው። አልታመመም። የጣሉትንም ሳይደርቅ ቢያነሱት ይተርፋል። ሽማግሌው ራሱን በሁለት እጃቸው ወደ ቦታው መልሰው አፈር አለበሱት።

ከመካከላቸው አንዱ ግን ለየት ያለ ነበር። ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ቢጫ መስመር ተሰምሮበታል፣ ጫፉም ተጠማዝዟል። ልጅቱ እየደጋገመች አየችው።

«ይህኛውን አላውቀውም» አለች።

«አታውቂውም? ተምረሽ የለም እንዴ?»

«ከተማርኩት አንዱ አላውቅም ማለት ነው። በግምት ተናግሬ ጤነኛውን ከማስነቅልዎት፣ ቅጠሉን ወስጄ በመሣሪያ አየዋለሁ። እስከዚያ ለብቻው ይከለል።»

አንባቢ ሆይ፣ እኚህን ሰው በዚያ ጠዋት መጀመሪያ ያነቃነቃቸው የቆስጣው ነገርና የዳገቱ ነገር አልነበረም። እሱን በክርክር ሊመልሱት ይችሉ ነበር። እሳቸው ስለ ተክል በተጠየቁ ጊዜ ሁሉ መልስ አጥተው አያውቁም፤ የማያውቁት ሲገጥማቸውም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያልፉታል። አሁን ግን ለመማር ወጣትነቷን የጨረሰች ልጅ ሳታፍር አላውቅም ስትል ሰሙ። እንግዲያው አውቃለሁ የምትለውን ነገር ታውቀው ይሆናል የሚል ሐሳብ በልባቸው ገባ። በአፋቸው ግን አልወጣም።

ወደ ነጭ ሽንኩርቱ መደብ ተመለሱ። ልጅቱ የሞተውንም ጤነኛውንም ትታ፣ መሐል ላይ ያለውን፣ ታሞ ያልሞተውን መረጠች። ቢጫነቱ ከታችኛው ቅጠል ጀምሮ ወደ ላይ እንደሚወጣ አሳየቻቸው። ከዚያ እርስዎ ይንቀሉት አለቻቸው። ሽማግሌው የለመዱትን ያህል ጉልበት ሰብስበው ቢስቡት ያለ ምንም ትግል ወጥቶ ወደ ኋላ ሊጥላቸው ደረሰ። የሚይዘው ሥር አልነበረውም። ከራሱ ሥር እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ሻጋታ ተጠምጥሞበታል፤ በሻጋታውም ላይ ከሰናፍጭ ፍሬ ያነሱ ጥቋቁር ነጠብጣቦች ተረጭተዋል።

«እነዚህን ጥቁሮቹን ይዩ። መርዝ ፍሬ አያፈራም፤ ይህ ግን ያፈራል። እያንዳንዷ ፍሬ አፈር ውስጥ ተኝታ ከሽንኩርት ዘር አንዱ ተመልሶ እስኪተከልላት ትጠብቃለች። ባቄላና ቆስጣ አይርባትም። ለዚህ ነው እነሱ ደኅና የሆኑት።»

ዳገቱ ላይ ወጥተው ቀይ ሽንኩርቱን ነቀሉት። ያው ነጭ፣ ያው ጥቁር።

ከዚህ በኋላ ጥያቄው ከየት መጣ የሚል ሆነ። ልጅቱ ዘሩን ከየት እንዳገኙት ጠየቀቻቸው፤ ሽማግሌውም ባለፈው የመትከያ ጊዜ ከገበያ ያገኙትን የነጭ ሽንኩርት ክምር በኩራት ተረኩላት። ራሱ ትልልቅ ነበር። ከሥሩ ትንሽ ሻገት ያለ ነበር፣ እሱን ግን ልጠው አጸዱት። ያማረውን እንደ ልማዳቸው ለማዕድና ለጎረቤት መረጡት፤ የተጎዳውን ለመደቡ አስቀሩት። አባታቸውም እንዲህ ያደርጉ ነበር። አፈር ምን ይመርጣል፣ ሰው ነው እንጂ የሚመርጠው። ልጅቱ ዓይኗን ጨፈነች። የበሰበሰውን ልጣጭስ የት ጣሉት አለቻቸው። ፍግ ጉድጓዱ ውስጥ። ፍጉንስ የት አደረሱት? ሽማግሌው ወደ ዳገቱ ቀና ብለው አዩ። ፍጉን በቅርጫት ተሸክመው ለቀይ ሽንኩርቱ ያለበሱት ራሳቸው ናቸው።

«እንግዲህ ገዳዩ እኔ ነኝ በይኛ» አሉ፤ ፊታቸው ጠቆረ።

ልጅቱም ከጠዋት ጀምሮ ያመቀችውን ከዚህ በላይ መያዝ አልቻለችም። «ሽንኩርቱን የገደለው ሻጋታው ነው፣ ያዳረሰው ግን የእርስዎ ቅርጫት ነው። በዚህ ምክንያት ሰው ዕቃዋን ቋጥራ ደጅ ተቀምጣለች። ለመደብዎ መጥፎውን ዘር መርጠው፣ ጥፋቱን ደግሞ ለድሃ መረጡለት።»

ከወንድማቸው ልጅ አፍ እንዲህ ያለ ቃል ሰምተው አያውቁም። እጃቸውን ወደ በሩ ዘርግተው ከግቢያቸው እንድትወጣላቸው አዘዟት፤ ወንድማቸውም በዚህ ዓመት ደጃቸውን እንዳይረግጥ፣ ትምህርቷንም እዚያው ከጎመኗ ጋር እንድትቀቅለው ነገሯት። ልጅቱ ጉልበቷ ላይ ያለውን አፈር አራግፋ ልትሄድ ተነሳች።

ያን ጊዜ ክር አቅላሚዋ ከቋጠሮዋ ላይ ተነሳች። ከክፍሏ ግድግዳ ሥር የተደረደሩ አፈር የተሞሉ ያረጁ የቆርቆሮ ጣሳዎች ነበሩ። አንዱን በሁለት እጇ አንሥታ መጣችና በመካከላቸው ገለበጠችው። አፈሩ ተበተነ፤ ከውስጡ የደረቀ ነጭ ሽንኩርት ወጣ። ከሥሩ ነጭ ጥጥ፣ በላዩ ጥቋቁር ነጠብጣብ።

«ዘሩን እርስዎ ሰጡኝ» አለች፤ ድምጿን አላነሳችም። «አፈሩንም ከመደብዎ ዘግነው ሰጡኝ። ሹል ሹሉን ወደ ላይ አድርጊ ብለው አስተማሩኝ፣ እንዳሉኝ አደረግሁ። ያጠጣሁት ከምጠጣው እንስራ ነው፤ ቀለም ጠብ አላደረግሁበትም። የኔ ከእርስዎ በፊት ሞተ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ደስ ብሎዎት የሰጡኝን ነገር ሞተብኝ ብዬ ላሳዝንዎት? ስጦታዎን ያማሁ እንዳይመስልብኝ ዝም አልኩ። እርስዎ ግን እኔን ለማማት አልሳሱም።»

ሽማግሌው የሚቀመጡበት ፈለጉ። በአናጢነታቸው ዘመን ይገዘግዙበት የነበረ ግንድ ነበርና እሱ ላይ ዐረፉ። ልጅቱ በቁጣዋ ማፈር ጀምራ ነበር፤ በእውነቱ ላይ ግን አላፈረችም፤ ስለዚህ አልሄደችም። ሽማግሌው በመጨረሻ መድኃኒቱ ምንድነው ብለው ሲጠይቋት ከፊታቸው ተንበርክካ በቀስታ መለሰችላቸው። ለተያዘው መደብ መድኃኒት የለውም። በዚህ አፈር ላይ ሽንኩርት የተባለ ሁሉ ሳይተከልበት ብዙ ዘመን ማለፍ አለበት፤ እርስዎ የሚያዩት አይመስለኝም አለቻቸው። የታመመው ተነቅሎ ይቃጠላል። ፍግ ጉድጓዱ ይደፈናል። መቆፈሪያውና ጫማው ይታጠባል። መደቡ ለባቄላ፣ ለጎመን፣ ለቆስጣ ይሆናል።

«እኔ ባቄላ አልወድም» አሉ ሽማግሌው፤ እንባቸው መጣ።

ልጅቱ ወደ ሴትዮዋ ዞራ ለእሷም የሚነገር እንዳላት አልደበቀችም። ቀለሙ ይህን ሽንኩርት አልገደለም ማለት ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ ሰው በሚበላው ቆስጣ ሥር ሊደፋ አይገባም። ሴትዮዋም ይህን ሳትማርም እንደምታውቀው፣ እጣቢ የምደፋበት ጉድጓድ ይቆፈርልኝ ብላ ባለቤቱን ስንት ጊዜ እንደለመነች፣ እሳቸውም ሁልጊዜ ከመኸሩ በኋላ እንደሚሏት ተናገረች። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። ሐሰት አልነበረም።

«ዕቃሽን ፍቺው» አሏት ወዲያው። «ክፍሉ ክፍልሽ ነው።»

«አልፈታም።»

ሁለቱም ቀና ብለው አዩዋት።

«ዛሬ ጠዋት ፀጉር አስተካካዩ ጋ ቆመው ምን እንዳሉ ሰምቻለሁ። እርስዎ ሳይመለሱ ነው አንዲት ደንበኛዬ መጥታ ክሯን የወሰደችው፤ ባሌ ልጅ ልኮ መርዘኛ ናት ብሎኛል ብላ። ክፍሉን ቢሰጡኝ ክር የሚያመጣልኝ ሰው ከሌለ ውስጡ ተቀምጬ ምን ልሠራ? ስሜን የጣሉበት ቦታ ሄደው ያንሡልኝ። ያን ጊዜ እፈታለሁ።»

ሽማግሌው መጀመሪያ ሌላ መንገድ ፈለጉ። ሰው ይረሳዋል አሉ። ልጅቱ ወሬ ቢረሳም በሽታው እንደማይረሳ፣ ከእሳቸው ዘር የወሰደ ሁሉ ሳያውቅ እየተከለ መሆኑን ነገረቻቸው። እንግዲያው አንቺ ንገሪልኝ አሏት፤ እሷም እሺ ብላ ተነሳች። ይህን ሲያዩ ሽማግሌው ተቆጡ፤ በዚህ ጊዜ ግን የተቆጡት በራሳቸው ነበር። በገዛ አፋቸው ያበላሹትን ሌላ ሰው እንዲያቀናላቸው መላካቸው ከሽንኩርቱ ይልቅ አንገበገባቸው። በልባቸው ፈጣሪያቸውን አንድ ቃል ለምነው ተነሡ። ጫማቸውን በር ላይ አጥበው፣ ያችኑ የቆርቆሮ ሽንኩርት በወረቀት ጠቅልለው ወጡ።

ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ አሁንም ሰው ሞልቷል። ያ ሰውዬ ተላጭቶ ጨርሶ ወሬ ይዞ ቀርቷል። ሽማግሌው ደፉ ላይ ቆመው ወረቀቱን ፈቱት።

«ጠዋት እዚህ ቆሜ አንዲት ሴት በመርዝ ከሰስኩ። ዋሽቻለሁ። አውቄ አልዋሸሁም፤ ግን ሳላይ ተናገርኩ፣ ያም ያው ነው። ሽንኩርቴን የገደለው ይህ ነው። ያመጣሁት እኔ፣ በቅርጫት ያዞርኩት እኔ፣ ለእናንተም ያደልኩት እኔ ነኝ።»

ከተቀመጡት አንዱ ከእሳቸው የወሰደውን ዘር ገና ትናንት መትከሉን በድንጋጤ ተናገረ። ሽማግሌው ዛሬውኑ አውጥቶ ከሥሩ እንዲያየው፣ ጥቁር ፍሬ ካየ እንዲያቃጥለው፣ ካላየም ይህን ዘር አምኖ እንዳይተክለው መለሱለት። ሌላው በቁጣ ተነሣ፤ በእርስዎ ስጦታ ጓሮዬ ሊበላሽ ነው ወይ ብሎ ጮኸባቸው። አልመለሱለትም፤ ይገባኛል ብቻ አሉት። ፀጉር አስተካካዩ ነገሩን ለማብረድ እኔስ መጀመሪያም ጠርጥሬ ነበር፣ ሴትዮዋ ጨዋ ሴት ናት ማለት ሲጀምር ሽማግሌው ዞረው አዩት።

«አንተ ጠዋት አንድ ቀን አትደር ያልክ ሰው ነህ። እኔ አፈሬን ሳላጥብ ከመደብ ወደ መደብ ተሻገርኩ፤ አንተም ያንን ምላጭ ሳታጥብ ከአንገት ወደ አንገት አትሻገር።»

ሰው ሳቀ፤ ፀጉር አስተካካዩም ምላጩን አየና ውሃ ሊያፈላ ወደ ጓዳ ገባ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። ከዚያ እስከ ምሽት ዘር ያደሉባቸውን ደጆች ሁሉ አንኳኩ። አንዳንዱ አመሰገናቸው፤ አንዳንዱ በሩን በፊታቸው ዘጋው። የተላጨው ሰውዬ ሚስቱን ክሯን አስይዞ እንዲመልሳት ቆመው ጠበቁት።

ሲመለሱ ቋጠሮው ከደጅ ተነሥቶ ነበር፤ በርሜሏም ቀና ብላለች። በማግሥቱ ከክፍሉ ጀርባ፣ ከአትክልቱ ርቆ፣ ጠጠር የሚሞላበት የእጣቢ ጉድጓድ መቆፈር ጀመሩ። ክፉኛ ያለከልኩ ነበርና ሴትዮዋ አካፋ ይዛ ወጣች። ጎን ለጎን ቆፈሩ።

ይህ ከሆነ በኋላ በዚያ ሰፈር የተለወጠውን መናገር ይገባል። ሽማግሌው በሄዱባቸው ደጆች ብዙዎቹ ጓሮዎች ሳይያዙ ተረፉ፤ የተያዙትም መደባቸውን ለሌላ ተክል ሰጡ። ሰዎች ለማዕድ የሚሆነውን ከቀሪው እየመረጡ፣ ሥሩ ንጹሕ የሆነውን ጤነኛ ራስ ለዘር ማስቀመጥን ለመዱ። አንድ መደብ ላይ አንድ ተክል ሳያቋርጡ መደጋገምን ተዉ። መቆፈሪያ የተበደረ ሰው አጥቦ ይመልሳል፤ አጥቦም ይወስዳል። ያ ቢጫ መስመር ያለበት ቅጠል በጣቢያው ሲታይ በሽታ ያለበት ሆኖ ተገኘና ያ አንድ አበባ ብቻ ተነቅሎ የቀሩት ዳኑ፤ የተኙትም በጊዜያቸው ነቅተው መስኮቱን ነጭ አደረጉት። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው። በዚያ መንደር አንድ ነገር በተበላሸ ጊዜ፣ ሰው ጎረቤቱን ከመክሰሱ በፊት ሥሩን ነቅሎ ማየት፣ አጠገቡ ቆሞ የቀረውንም መጠየቅ ጀመረ። የተማረ ሰው ቢመጣም ስለ ልጅነቱ አይናቅም፤ የተማረውም ሰው እውነቱን ይዞ ሲመጣ የሽማግሌን ልብ በማይሰብር አነጋገር ቢያመጣው ይሻላል፤ ልጅቱ ራሷ ይህንን ለአጎቷ ነግራ ይቅርታ ጠይቃለች።

ሽማግሌው የማይወዱትን ባቄላ በዚያ መደብ ላይ ተከሉ። ባቄላው በቀለ፤ አበበ፤ እሸቱ ደረሰ። ክር አቅላሚዋ ኪራይዋን በጊዜው ትሰጣለች፣ እጣቢዋን በጉድጓዱ ትደፋለች፣ ሲያልፉ ግን ዝም ትላቸዋለች። እሳቸውም አላስገደዷትም፤ በየጠዋቱ እሳቸው ሰላምታ ይሰጧታል፣ መልሱንም ሳይጠብቁ ወደ መደባቸው ይሄዳሉ። ባቄላው ደርቆ ከታጨደ በኋላ፣ መደቡ ባዶውን በቀረበት አንድ ጠዋት፣ ጎንበስ ብለው አፈሩን ሲኮተኩቱ ከበስተኋላቸው የሴት ድምፅ ሰሙ።

«እንደምን አደሩ፣ ጋሼ።»

ቀና ለማለት ጊዜ ወሰደባቸው፤ ወገባቸው ነው ብለው አመካኙ።